የጋሽ ፈቃዱ ወሰን

አደይ አቤኔዘርን መጀመሪያ ያየችው ከጀርባው ነው። ሙሽራው ቀለበት ሊያጠልቅ የሙሽራዋን ጣት ሲይዝ፣ እሷም ካሜራዋን አስተካክላ ልታነሣ ስትል፣ ቪዲዮ ካሜራ በትከሻው የተሸከመ ረጅም ሰው ከየት መጣ ሳይባል ፊቷ ተገተረ። ፎቶው ላይ የቀረው ቀለበቱ ሳይሆን የአንድ ቡናማ ኮት ጀርባ ነበር።

ሚሊኒየሙ የገባበት ዓመት፣ ወሩም ጥር ነው። ቡታጅራ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሠርግ መኪና ጥሩምባ የማይሰማበት ሰፈር አልነበረም። አደይ ምሳው እስኪነሣ እንኳ አልታገሠችም፤ ድንኳኑ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ለሙሽሮቹ የአንተን ጀርባ ላስረክብ?»

«እኔም ቀለበቱን አላገኘሁትም» አላት ሰውየው በእርጋታ። «የፍላሽሽ ብርሃን ቪዲዮዬን አነጣው።»

ከመልሱ ይልቅ እርጋታው አናደዳት። አደይ የጋሽ ፈቃዱ ልጅ ናት፤ ቁጣን ከቤቷ ነው ያመጣችው። ጋሽ ፈቃዱ በዚያ ሰፈር ያለ ምርቃታቸው ሠርግ የማይጀመር ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሲመርቁም ሲቆጡም ድምፃቸው ያው አንድ ነው። የማያውቃቸው ሰው ሙሽሮቹን የሚገሥጿቸው ይመስለዋል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በዚያው ቢበርድ ጥሩ ነበር። ግን አቤኔዘር ከወልቂጤ መጥቶ የተከራየው ክፍል ከአደይ ፎቶ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሆነና በየሠርጉ የጀመሩትን ጠብ በየማለዳው ይቀጥሉት ጀመር። ሁለቱም ኮምፒውተር ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱም ለየብቻ መግዛት አይችሉም። በመጨረሻ ጭቅጭቃቸው ያንገሸገሻቸው ጋሽ ፈቃዱ ሁለቱንም ጠርተው አስቀመጧቸውና በጋራ ግዙ አሏቸው።

«በአንድ ዕቃ ሁለት ሰው እንዴት ይሠራል?» አለች አደይ።

አቤኔዘር አስረዳ። ዕቃው አንድ ይሁን እንጂ ፋይል የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ አንድን ሰፊ ቤት በግድግዳ እንደመክፈል ይከፋፈላል አለ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ እየተባለ ለየክፍሉ ስም ይወጣለታል፤ አንዱ ቢሞላ ሌላውን አይነካም፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይተርፋል።

«መሬት ነው በለኛ» አሉ ጋሽ ፈቃዱ። «ወሰን ይበጅለታል።»

«አዎ ጋሼ። ዲ የእሷ፣ ኢ የእኔ ይሆናል። ሲ ላይ ዊንዶውሱ ይቀመጣል፤ እሱ የጋራ ነው።»

«እሱማ ጀፎረ ነው» አሉ። በጉራጌ መንደር መሀል የሚያልፈውን ሰፊውን የሣር ሜዳ ማለታቸው ነው፤ የሁሉም ስለሆነ ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ከዚያ የሁለቱን እጅ አጨባበጡና ያንኑ ቁጣ የሚመስል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወሰን የገፋ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ኮምፒውተሩ አደይ ክፍል ገባ። በወንበሩ ተጣሉ፣ በተራው ተጣሉ። መብራት በፈረቃ መሆን ሲጀምር ደግሞ በመጣባት በዚያች ሰዓት ማን ይቅደም ብለው ተጣሉ። ዳሩ ግን ሠርግ ላይ አቤኔዘር ቀለበት ሊታሰር ሲል ወደ ኋላው ዞር ብሎ «ይዘሽዋል?» ይላት ጀመር። እሷም ሳትነግረው ፍላሿን ማጥፋት ለመደች። የዚህን ነገር ስም ግን ሁለቱም አልጠሩትም።

ክረምት ላይ ጋሽ ፈቃዱ አሞኛል ባሉ በሳምንታቸው ሞቱ።

ቤቱ የሚቆጣ ሰው አጣ። የአደይ እናት እቴነሽ ልብስ ሲወድቅ፣ በር ሲንኳኳ፣ ወጥ ሲያር ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ የሚጮህባት የለም። «አንድ ጊዜ እንኳ ቢቆጣኝ» ትላለች። አደይ አባቷ የመረቁባቸውን የሠርግ ሲዲዎች ለምና አምጥታ ከፍታ ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ሲቀናበር ግን ምርቃቱ ላይ መዝሙር ይጫንበታል፤ ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚወደው። የአባቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይወራጫል፣ የሚሰማው መዘምራኑ ነው። እናቷ ግማሹን አይታ ተነሥታ ሄደች።

ደግሞ ጥር መጣ። አደይ አንድ ትልቅ ሠርግ አንሥታ መጥታ ፎቶዎቹን ዲ ላይ ልትገለብጥ ስትል ኮምፒውተሩ ቦታ የለም አላት። እንዴት ይሆናል? ፎቶ ያን ያህል ቦታ አይፈጅም። ስትፈልግ አንድ ስም ያልወጣለት ፎልደር አገኘች። ውስጡ በቁጥር የተሰየሙ ቪዲዮዎች ታጭቀዋል።

እዚህ ቤት ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢ ሲሞላበት ወደ እሷ ተሻግሯል። አባቷ እጅ አጨባብጠው ያጸኑትን ወሰን፣ እሳቸው አፈር ከለበሱ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ገፋው። በሕይወት ቢኖሩ ይደፍር ነበር? ደሟ ፈላ። አንዱን እንኳ ከፍታ አላየችም። ኮምፒውተሩ የተጣለ ፋይል በሚያቆይበት ቅርጫት ውስጥም እንዳይተርፍ አድርጋ ጠቅላላውን አጠፋችውና በጠራው ቦታ ላይ ፎቶዎቿን ገለበጠች። እውነቱ ይነገርና፣ ደስ አላት።

አቤኔዘር የካሜራ ባትሪ ይዞ ሲገባ ገና በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ወሰን ገፍተሃል።»

«የምን ወሰን?»

«ዲ ላይ የደበቅከው ቪዲዮ። ጠርጌ ጥዬልሃለሁ።»

አቤኔዘር ባትሪውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከፍተሽ አይተሽዋል?»

«የሰው ሠርግ ምን ያደርግልኛል?»

ያን ጊዜ ያ ረጋ ያለ ሰው ጮኸ። እሱን ባወቀችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም።

«አባትሽ ነበሩ! አባትሽ ናቸው ያጠፋሻቸው!»

ነገሩን በቁጣ ቆራርጦ ነገራት። ካሴት ውድ ስለሆነ አንድ ሠርግ ከተቀረጸበት በኋላ ሌላ ሠርግ ይደገምበታል። ጋሽ ፈቃዱ ካረፉ በኋላ ግን አቤኔዘር ያልተደገመባቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ እየፈለገ ምርቃታቸውን ከነድምፃቸው፣ መዝሙር ሳይጫንበት እየቆረጠ አስቀመጠ። ዛሬ ካሴቶቹ ላይ የሌላ ሰው ሠርግ ተቀርጾባቸዋል። ድምፃቸው ያለው እዚያ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነበር። ዓመታቸው ሲሞላ ለእሷና ለእናቷ ሊያሳይ ነበር።

አደይ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ቁጣዋ ግን አልተቀመጠም፤ የምትጥልበት ቦታ አጥታ መልሳ እሱ ላይ ጣለችው።

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን የእኔ ላይ አስቀመጥከው? የራስህ ቦታ አልነበረህም?»

«ያንቺ አባት ናቸው» አላት። «በእኔ ወሰን ውስጥ ባኖራቸው የእኔ ይሆናሉ። ያንቺን ያንቺ ጋ ነው ያኖርኩት።»



አቤኔዘር የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነካው አለ። ፋይል ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የባለቤቱን ስም ከመሬቱ ላይ ይፍቃል እንጂ መሬቱን ወዲያው አያርሰውም፤ ሌላ ሰው እስኪያርሰው የነበረው እዚያው ነው። አደይ ይህን ስትሰማ ተስፋ ልታደርግ ስትል ፎቶዎቹ ትዝ አሏት። ደስ እያላት አርሳዋለች። ምን ያህሉን እንዳረሰች ግን ሁለቱም አያውቁም።

የጠፋ ፋይል መልሶ ማውጣት የሚችል አብዱልሃፊዝ የሚባል የአቤኔዘር ጓደኛ ወልቂጤ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሀርድ ዲስኩን ነቅለው፣ በአደይ ሹራብ ጠቅልለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ተራራ ወጥተው መውረድ ጀመሩ። አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አደይ ጭኗ ላይ ያለውን ሹራብ ለመያዝ ስትንደረደር የአቤኔዘር እጅ ቀድሞ ከሥሩ ገብቶ ደግፎት አገኘችው። እጁን አላነሣም፤ እሷም አንሣ አላለችውም።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አላት መስኮቱን እያየ።

«እኔም ተናድጄብሃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ በምኑ?»

«ስላልነገርከኝ። ብትነግረኝ ኖሮ እንዲህ ያለ ኃጢአት አልሠራም ነበር።»

ወልቂጤ መናኸሪያ ሲደርሱም እጁ እዚያው እንደነበረ ነው።

አብዱልሃፊዝ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ምን ሆናችሁ ነው፣ የተጣላችሁ ትመስላላችሁ» ብሎ እየሳቀ ተቀበላቸው። ነገሩን ሲሰማ ሳቁን አቆመ። ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘ፤ የወጣው ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ዕድላቸው ሆኖ የዚያ ቀን ፈረቃ ወልቂጤ መብራት የምታገኝበት ነበር። ፍለጋው ግን ረጅም ነው። አደይ የሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ የሚያልፉትን ባጃጆች ስታይ ዋለች። ራሷን ስትረግም ሰምቶ አቤኔዘር አንድ ጊዜ ዝም በይ አላት፤ አልተቆጣም፣ ለምኗት ነው።

የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ መጣ። የመጀመሪያው አልከፈት አለ። ሁለተኛው ተከፈተ፤ ምስሉ ተቆራርጦ አረንጓዴ ሆኗል፤ ድምፅ የለውም። ሦስተኛው አደይ ራሷ ያነሣችውን ፎቶ፣ የዚያን ትልቅ ሠርግ ኬክ አወጣ። አደይ ኬኩን ስታይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ያረስሽበት ነው» አለ አብዱልሃፊዝ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ሥር ያለው ወላሂ አይወጣም።»

እንዲህ እያሉ ወደ መጨረሻው ደረሱ። አብዱልሃፊዝ እሱን ሲከፍተው ሱቁ ውስጥ አንድ የተቆጣ ድምፅ ጮኸ።

«ጌታ ቤታችሁን ያቁመው! ደጃችሁ እንግዳ አይጣ! ልጆቻችሁ...»

አደይ እጇን ከፊቷ አነሣች። ጋሽ ፈቃዱ ቆመዋል፤ ነጭ ጋቢያቸው በመብራቱ ያበራል። ምርቃታቸውን አቋርጠው ወደ ካሜራው አፈጠጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን መብራት ከዓይኔ ላይ አንሣ! ሰው እየመረቀ አይደለም እንዴ? ያቺም ልጄ በወዲያ በኩል ታብለጨልጭብኛለች። ሁለታችሁ ዘላለም ስትጋፉ ልትኖሩ ነው? አንድ ቀን እናንተን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የምመርቃችሁ። ያን ጊዜ መብራቱ ዓይናችሁን ሲወጋው ታውቁታላችሁ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሲስቅ ይሰማል። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

አደይ አለቀሰች። ድምፁን በሰማችው ቁጥር ገና አዲስ ሆኖ እያለቀሰች ደጋግማ አስከፈተችው። ከዚያ ወደ አቤኔዘር ዞረች። አቤኔዘር መሬት መሬት ያያል።

«ያን ቀን እኔ ከሩቅ ነበርኩ፤ የተናገሩትን አልሰማሁም። አንተ ግን ይሄን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርከኝ?»

«ካረፉ በኋላ በእሳቸው ቃል ሴት የሚለምን ሰው እንዳልመስልሽ ፈራሁ። የእኔን ቃል በራሴ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ተቆጥተሽ ነው የማገኝሽ።»

«አባቴ ተናግሮ ሲያበቃ፣ አንተ ማን ነህና ትደብቀዋለህ?» ድምፅዋ እንደ አባቷ ጮኸ። አብዱልሃፊዝ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ውጭ ወጣ። «ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብለህ! ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

አቤኔዘር ቀና አለ።

«እወድሻለሁ አደይ።»

«ይሄንንም ካሴት ላይ አስቀርተኸው ነበር?» አለችው። እንባዋን እየጠረገች እጁን ግን ያዘችው።

ቡታጅራ ተመልሰው ለእናቷ ሲያሳዩ እቴነሽ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ አየች። ባሏ «ይሄን መብራት ከዓይኔ ላይ አንሣ!» ብለው ሲጮሁ ግን ብድግ አለችና የክፍሉን አምፖል አጠፋች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። «እሺ፣ ጠፋ» አለች ወደ እሳቸው። ለረጅም ጊዜ ማንም መልሶ አላበራውም።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በፊት መጡ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከሠርጉ በፊት ግን አንድ ትልቅ ጠብ ነበር። አቤኔዘር ለጋሽ ፈቃዱ ሀርድ ዲስኩ ላይ ለብቻቸው አንድ ክፍል ልሥራላቸው፣ ቦታው ከኢ ይቆረጥ አለ። አደይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ከዲ ነው የሚቆረጠው ብላ ሞተች። ሦስት ቀን ተኳረፉ። እቴነሽ ናት ከሁለታችሁም እኩል ይነሣ ብላ የፈረደችው። በዲና በኢ መካከል ያለው ወሰን ይፍረስ ያለ ግን ማንም አልነበረም።

በሠርጉ ቀን ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ አቤኔዘር አስቀድሞ ያዘጋጀው ድምፅ በድምፅ ማጉያው ተለቀቀ።  ጋሽ ፈቃዱ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ አሉ፤ ተቆጡ፤ ዛቱ። የዚያን ቀን የሚቀርጸው ልጅ ከእንሴኖ የመጣ ነው፤ መብራቱን አንሥቶ ቀጥታ ሙሽሮቹ ፊት ላይ ለቀቀው።

ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንሣልን ግን አላሉትም።