ነሐሱ እስኪጠቁር

ጋሽ ቀስበል ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እጁ ለማይቸኩል ሰው!» ስማቸውስ ሌላ ነው። ለገባ ለወጣው ሁሉ «ቀስ በል!» ሲሉ ስለሚውሉ ሰፈሩ ቅጽል አወጣላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉት።

ሥራቸው ያረጁ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎችን አጽድቶ ማቆየት ነው። ዝገት የበላው መንጠቆ፣ የተሰነጠቀ የሸምበቆ ዘንግ፣ ዘይቱ ደርቆ አልዞር ያለ የክር መጠቅለያ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ልጅቷ አብራቸው ትሠራለች። የጥርስ ብሩሽ ከእጇ አይጠፋም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት አናጢ የአጎቱን ሳጥን ይዞ መጣ። ጀልባ ጠጋኝ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት መንጠቆዎች ተጣብቀው አንድ የዝገት ጓል ሆነዋል።

«በመዶሻ ልለያያቸው ነበር» አለ።

«እንኳን አላደረግከው! ላምባ ውስጥ ተዘፍዝፈው ይቆዩ» አለች ልጅቷ።

«ነገ ልምጣ?»

«መንጠቆዎቹ ለነገ አይደርሱም።»

«እኔ ስለ መንጠቆዎቹ መች ጠየቅኩ?»

ሳቋ አመለጣት። ቀና ስትል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር፤ እሷም አልሸሸችም።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ጋሽ ቀስበል አንድ ዘንግ ሰጥተውት ቫርኒሽ ሲቀባ ቆመው አዩት። «እስቲ እናያለን» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ እንደ ምርቃት ነው፤ ልጅቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

መደርደሪያው ላይ የእናቷ የክር መጠቅለያ ተቀምጧል። ነሐሱ ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል፤ የእናቷ አውራ ጣት ዘወትር ሲያሸው የኖረው ቦታ ብቻ ቀላ ብሎ ይታያል። ጋሽ ቀስበል ጠዋት ጠዋት እሱን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም።

አንድ ቀን አባትና ልጅ ዕቃ ሊያደርሱ ሲወጡ አናጢው ቤቱን እንዲጠብቅ ብቻውን ቀረ። ጀልባ ላይ ነሐስ ሲያብለጨልጭ ነው ባለቤቱ የሚያመሰግነው። እሱም «ዛሬስ ልባቸውን አገኘሁት!» ብሎ ያንን መጠቅለያ አነሳና በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ።

ሲመለሱ መጠቅለያው ዓይን ያጥበረብራል።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው? ይኸው፣ መስታወት አስመሰልኩት!»

በዚህ ሙያ ዝገት ይነሳል፤ ጥቁረቱ ግን አይነካም፤ የዓመታት የእጅ ወዝ ነው። ለእሱ ማን ይህን ነግሮት! ጋሽ ቀስበል መጠቅለያውን እያገላበጡ የሚስታቸውን ጣት ፈለጉ። የለም።

«ውጣ» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺም ሰምተሻል።»

ሰምታለች። እሷም ብትሆን በሽቃለች፤ መጠቅለያው የእናቷ ነበር እኮ! ስሙ ሲነሳ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ደጁ ሲንኳኳ ደግሞ እሱ በሆነ ትላለች። ንዴትና ናፍቆት ባንድ ላይ ይዘዋት መቀመጫ ነሷት።

አንድ ማለዳ መጠቅለያውን ከመደርደሪያው አውርዳ ዘንግ ላይ ስታስር አባቷ ደረሱባት።

«ወዴት ነው?»

«ሐይቅ ዳር። ላጠምድበት።»

«በዚህ? አብደሻል?»

«አባዬ፣ እማዬ ያጠቆረችው እየሠራችበት ነው። እጅ ካልነካው እንዲሁ እንዳብለጨለጨ ይቀራል። እሱንም ልጠራው ነው፤ ያጠፋውን አብሮኝ ይመልስ። ተደብቄ አይደለም፣ ይኸው ነገርኩህ።»

«አይሆንም ብልሽስ?»

«እሄዳለሁ።»

ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች።

አናጢው ጥሪዋን ሰምቶ ሐይቁ ዳር መጣ፤ መጠቅለያውን ሲያይ ሁለት እጁን ከኋላው ደበቀ።

«እኔ አልነካውም። ያኔ ያደረግኩት ይበቃኛል።»

«ያዝ!»

«ደግሜ ባበላሸውስ?»

«ያዝ አልኩህ፣ አንተ ሞኝ!»

ያዘ። ጣቶቻቸው እጀታው ላይ ተነካኩ፤ ሁለቱም አላነሱም።

«እንደ ድሮው እስኪጠቁር ምን ያህል ይፈጃል?» አለ አናጢው።

«እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የያዘችው።»

«ታዲያ እኛ እስክናረጅ ነዋ!»

«ምነው፣ ቸኮልክ?»

«ለዚህስ አልቸኩልም። እወድሻለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም።»

«ሁለቱንም እችላለሁ» አለ።

ዓሣ የሚባል አልያዙም። በማግስቱም መጡ፣ በዝናቡም፣ በብርዱም። አላፊ አግዳሚው ሳቀባቸው። እሷ ግን ቤት ስትገባ መጠቅለያውን በብሩሽ አጽድታ፣ አድርቃ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ አባቷ ፊት ታስቀምጠዋለች። አባቷ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷም አትለማመጥም፤ በነጋታው ታነሳዋለች። ነሐሱ ቀስ በቀስ ደብዘዝ ማለት ጀመረ።

አንድ ማለዳ ጋሽ ቀስበል ካፖርታቸውን ደርበው ሐይቁ ዳር ከች አሉ። አናጢው ሊሸሽ ሲል ልጅቷ እጁን ጨብጣ አቆመችው።

«ስጡኝ» አሉ።

ዘንጉን ተቀብለው ክሩን ወረወሩ፤ ከዚያም መጠቅለል ጀመሩ። መጠቅለያው ጠጠጠጠ አለ። እጃቸው ቆመ። ደግመው አዞሩት፤ ደግሞ ጠጠጠጠ አለ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ይህን ድምፅ ረስቼው ነበር እኮ» አሉ። «እናትሽ ስታጠምድ ከቤት ሳልወጣ እሰማት ነበር። መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ እኔው ራሴ ዝም አሰኘሁት።» ወደ አናጢው ዞሩ። «አንተ ግን ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ።»

«እጠብቃለሁ ጋሼ።»

«ነገም ትመጣላችሁ?»

«በየቀኑ» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያውስ ተጋቡና ኑ! በየማለዳው እንዲህ ተያይዛችሁ ስትቆሙ ሰው ምን ይለኛል?»



«መቼ?» አለች ልጅቷ።