ሞተሩን አታጥፊው

ሩቲ ሞተር ማጥፋት ትፈራ ነበር። ሰው እባብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፤ እሷ የመኪና ቁልፍ ትፈራለች። ጁባ ውስጥ ካስተም ገበያ ሽንኩርት ስታስጭን እንኳ ሞተሩ እንደበራ ነው። «ነዳጅ በነፃ ነው እንዴ የሚሰጡሽ?» የሚላትን ሁሉ በፈገግታ ታልፈዋለች። እጇ ግን መሪውን ጨምድዶ እንደያዘ ነው።

ነገሩ የጀመረው ወደ ከተማው ዳር በሚወስደው ሎሎጎ መንገድ ላይ ነው። አክስቷ የኔነሽ ጁባ ታውን ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ሩቲ በአክስቷ አሮጌ ነጭ መኪና ሎሎጎ ላሉ ግንበኞች ምሳ ታደርሳለች። አንድ ቀን ስትመለስ ውሃ ልትገዛ ቆመችና ሞተሩን አጠፋች። መልሳ ብታዞረው ሞተሪኖው ይሽከረከራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ወዲያው ጠመንጃ የያዙ፣ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ሰዎች ከበቧት። አንዱ በሩን ከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያያት ጀመር። ሩቲ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ሰውየው ስልኳን ወስዶ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ ወርዶ ሄደ። አሁንም ጸለየች፤ ጸልያ ጸልያ ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ ተነሳች።

የኔነሽ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እሑድ ቸርች ውስጥ ማይክ ይዛ መሰከረች፤ «ጌታ የሞተች መኪና አስነሳልን!» ስትል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ቤት ሲገቡ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እናትሽ በአደራ ነው የሰጠችኝ። ይቺ መኪና ዳግመኛ መንገድ ላይ ከቆመች፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ነሽ።»

መኪናዋ ዳግመኛ ቆመች፤ ከዚያም አልፎ ደጋገመችው። ሩቲ ለማን ትናገር? ጉባኤ እልል ያለበትን ነገር ማን ደፍሮ «አልሆነም» ይላል? ደግሞ ከሥራዋ ተነቅላ ባዶ እጇን እናቷ ቤት መግባት አልፈለገችም። ስለዚህ ዝም አለች፤ ሞተር ማጥፋትም ተወች።

አንድ ጠዋት ተደብቃ ካስተም አጠገብ ያለ ጋራዥ ሄደች። ቀዝቅዛ ያደረችው መኪና ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሳች። መካኒኮቹ ተሳሳቁ።

«እህት፣ መኪናሽ ካንቺ የተሻለ ጤና አላት» አለ አንዱ።

ግዛው የሚባለው ግን አልሳቀም። ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ፣ ከመናገሩ በፊት ረጅም ጊዜ የሚያይ ሰው ነበር።

«መቼ ነው እምቢ የምትልሽ?»

«ስትሞቅ።»

«ታዲያ ቀዝቅዛ ባያት ምን አገኛለሁ? ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ሐኪም ቤት እንደመሄድ ነው። ምሳ ስታደርሺ አብሬሽ ልሂድ። ሞቃ እያለች አጥፍተን እንያት።»

«አላጠፋም!»

ጮኻ ነበር የተናገረችው፤ ራሷም ደነገጠች። ግዛው መሪውን ጨምድዶ የያዘውን እጇን አይቶ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

«እሺ። እስክትደፍሪ አብሬሽ እቀመጣለሁ» አለ።

እንደ ቃሉ ተቀመጠ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት የጋራዡ በር ላይ ትጭነዋለች፣ ሎሎጎ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ሞተሩ አይጠፋም። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር። በኋላ ግን ስለዚያ ቀን ነገረችው፤ ለአክስቷ ያልነገረችውን ሁሉ፣ የሰውየውን የትንፋሽ ድምፅ ሳይቀር። ግዛው «አይዞሽ» አላለም። እስከ መጨረሻው ሰማት። ሰው እንዲህ ሰምቷት አያውቅም ነበር።

በሌላ ቀን ከግንበኞቹ አጥር ውስጥ ገብተው መኪናዋን እንዳቆመች እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች።

«ላጥፋው?»

«አለሁ።»

አጠፋችው። መልሳ ስታዞረው እንደለመደው እምቢ አለ። ግዛው ኮፈኑን ከፍቶ ሠርግ ቤት እንደተጠራ ሰው ደስ አለው። ቤንዚን መድረሱን አየ፤ ይደርሳል። አንድ ካንዴላ ፈትቶ ብረት ላይ አስጠጋና «አስነሺ» አላት፤ ብልጭታ የለም። ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ከሞተሩ ጎን በታች ያለች አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ላይ በውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዘባት። ትንሽ ቆይቶ «አሁን!» አለ። ካንዴላው ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠ።

«ይቺ ናት! ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ስትሞቅ ዝም ትላለች፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፣ እሳት አይሰጥም። ስትቀዘቅዝ ደግሞ መናገር ትጀምራለች።»

ሩቲ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ያን ቀን የጸለየችበት ጊዜ ለካ ሴንሰሯ የቀዘቀዘችበት ነው።

የሴንሰሯ መለወጫ ጁባ ውስጥ ጠፋ፤ ከካምፓላ ታዘዘ። «እስኪመጣ ሞተሩን አታጥፊው» አላት ግዛው። እሱም በጀሪካን ውሃና ጨርቅ ይዞ አብሯት መሄዱን ቀጠለ። ለምን እንደሆነ ሁለቱም አልተጠያየቁም። የጭነት መኪኖቹ ከድንበር እየመጡ በገቡ ቁጥር ሩቲ «ምናለ ዛሬም ባይመጣ» ትል ነበር፤ ይህም ሌላ ፍርሃት ሆነባት።

ከዚያ ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ተመልሰው መጡ።

ያው መንገድ ላይ፣ ከተዘጋች ሱቅ አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። «ኢታ ሩዋ ወይን?» አለ አንዱ በጁባ ዓረብኛ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቅ። መልስ አልጠበቀም። ግዛውን በክንዱ ይዞ አወረደው።

ግዛው ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ሞተሩን አታጥፊው። ከቆየሁ ሂጂ።»

ከሱቁ ጀርባ ወሰዱት። ማርሹ ገብቷል፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም ወደ እሷ አይመለከትም። ጩኸት ሰማች፤ ከዚያ ጥፊ፤ ከዚያ ምንም።

ዝምታው ከጥፊው ይልቅ አስፈራት። እግሯ ነዳጅ ላይ ነበር። አነሳችው። ቁልፉን አዞረችና ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቅላ በጭብጧ ይዛ ወረደች።

ግዛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደምቷል። ሦስቱም ሰዎች ዞረው አዩዋት።

«ራጅል ታይ» አለች። ባሌ ነው ማለቷ ነው። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ። «መኪናችን ተበላሽቷል። እሱ ካልሠራው አንሄድም።»

አንደኛው ወደ መኪናዋ አየ። የግዛውን ስልክ ኪሱ ከተተና በእጁ አባረራቸው። «ከላስ፣ ሩዋ!» በቃ፣ ሂዱ ማለቱ ነው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ግዛው ቁልፉን እጇ ላይ አየ።

«አጠፋሽው?»

«አጠፋሁት።»

«ሩቲ! እንደማይነሳ እያወቅሽ?»

«አንተን ትቼ ብሄድ የት ልደርስ ነው?» አለችና ዕንባዋ ፈሰሰ።

ግዛው ጨርቁን ነክሮ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ጨርቁ ሁለቴ ከእጁ ሲወድቅ አየች። ሰዎቹ ከሱቁ ጥላ ሆነው ያዩዋቸዋል። ሩቲና ግዛው እንዲህ ረጅም ሆኖባቸው ጠብቀው አያውቁም። ሞተሩ ተነሳ፤ ጁባ ታውን እስኪደርሱ ግዛው እጇን አልለቀቀም።

የኔነሽ የምግብ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር።

«መኪናዋ ቆመች?»

ሩቲ መዋሸት ትችል ነበር። «አልቆመችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። «ያን ቀንም መኪናዋ ቀዝቅዛ ነው የተነሳችው፣ አክስቴ። ይቅር በይኝ።»

«ጠመንጃ ይዞ አጠገብሽ የተቀመጠውስ ምን ሆኖ ነው ሳይነካሽ የሄደው?»

ሩቲ ወደ ግዛው ዞረች።

«እኔ ስለ እሱ ነው ያመሰገንኩት» አለች የኔነሽ። «ለማንኛውም ለእናትሽ እደውላለሁ። አደራ ነሽ። ምን ብዬ ልንገራት?»

«ትመጣለች በያት፤ ግን ብቻዋን አይደለም። እወደዋለሁ በያት።»

ግዛው ቀና አለ። እሱም ገና አሁን መስማቱ ነበር።

የኔነሽ ማተቡን አየች፤ ፊቷ ጠቆረ። ያበጠውን ከንፈሩን አየች። ወደ ውስጥ ገባች፤ ሁለቱ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ሩቲ በዕለቱ ከፈራችው ሁሉ ይህን አብልጣ ፈራች።

የኔነሽ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይዛ ተመለሰች።

«ከንፈርህ ላይ አድርገው፣ ልጄ» አለችው።