በሩ ፊት ለፊት የተቀመጠ አልጋ

አርክቴክት እንዳላማው በደብረ ኤልያስ አቅራቢያ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ነደፈ። ፕላኑን ለነዋሪው ባቀረበበት ቀን ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው መስመሮቹን አዩና «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥህ» አሉት። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ግን ትንፍሽ አላሉም።

ስብሰባው ሲበተን አዋላጇ ነርስ የብርጓል ጠጋ አለችው።

«ይቅርታ፣ ይኼ መስመር ለእኔም አልገባኝም። ክፍሉ ሲያልቅ የሚመስለውን በኮምፒውተር መሥራት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን ለእናቶቹ ቢያሳዩአቸውስ?»

«ባለ ሦስት አውታር ምስሉን ነው? እሱ ለምርቃት ቀን የሚሰቀል ጌጥ ነው። ደግሞስ ሁሉም ተስማምተው የለ?»

«ያልገባው ሰውም እኮ እሺ ይላል።»

እንዳላማው ፈገግ ብሎ ፕላኑን ጠቀለለ። መኪናው እየጠበቀችው ነበር።

ሕንፃው አልቆ ሲያዩት ያምር ነበር። ነገር ግን የማዋለጃው በር በተከፈተ ቁጥር አልጋው ላይ ያለችው እናት ኮሪደር ላይ ለተቀመጠው ሁሉ ትታያለች። ወሬው ገበያ ደረሰ። ወሬውን የሰማችው ነፍሰ ጡሯ ወለላ ምጧ ሲመጣ ባሏ ደምለው ጤና ጣቢያ እንሂድ ብሎ ለመናት።

«በሰው ፊት ከምገላለጥ እዚሁ ልሁን» አለች።

ደም መፍሰሱ ሲበዛባት በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያው አደረሷት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈችም።

የብርጓል ለእንዳላማው ደውላ ነገረችው። በማግሥቱ ቁጭ ብሎ ያንን ምስል ሠራ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወለላ ቤት ሄዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ላፕቶፑን ከፈተላት። ገና እንዳየችው ጣቷን ዘረጋች።

«በሩ በዚህ በጎን በኩል ቢሆን ኖሮ ማን ያየኝ ነበር?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስህተቱን ለማየት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። እንዳላማው አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ለሌሎቹ አስተካክለው» አለው ደምለው ቀስ ብሎ።

በሩ ተደፍኖ በጎን ተከፈተ፤ እናቶችም መምጣት ጀመሩ። እንዳላማው ዛሬ በሕንፃው የሚገለገሉ ሰዎች ምስሉን አይተው ሳይተቹት ፕላን አይፈርምም። ለሕዝብ የምትሠሩ ሁሉ፣ የሰው ዝምታ ስምምነት አይምሰላችሁ፤ ሥራችሁን በሚገባው መንገድ አሳዩት፣ ጠይቁትም። በር ፈርሶ ይሠራል፤ የወለላን ልጅ ግን የሚመልስላት የለም።