የሸዋጌጥ ውሻ ዴዴሳ ወረደ

«እማማ፣ ውሻ አንጭንም!» አለ የዲጋው ሚኒባስ ረዳት፣ በሩን በክንዱ ዘግቶ።

«አንተን ከጫኑ እሱን ምን ብለው ይከለክሉታል?» አለች ሸዋጌጥ። «እሱ እንኳ ትናንት ታጥቧል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ክንዱን ግን አላነሳም። ሸዋጌጥ ሁለተኛ አልጠየቀችም፤ አንድን ነገር ሁለቴ መለመን በዘሯም የለ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠመጠመች፣ ዱላዋን ጨበጠች፣ ከነቀምቴ ዲጋ ያለውን አስፋልት ጤዛ ሳይረግፍ በእግሯ ተያያዘችው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ውሻው ጅራቱን አቁሞ ከፊት ከፊቷ ሄደ፣ መንገዱን እሱ ያሠራው ይመስል።

ውሻው አትንገሩኝ ይባላል። የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም፤ ለጎረቤት ተብሎ ነው የሚወጣ። ባሏ የሞተ ሰሞን የሰፈሯ የጨለለቂ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነባት፤ ቤቱን ሽጪው፣ ልጅሽ ዘንድ ግቢ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ አላት። እሷ አንድ ቡችላ አመጣችና በየማታው ደጇ ላይ ቆማ «አትንገሩኝ! ና፣ አትንገሩኝ!» እያለች መጣራት ጀመረች። ምክሩ በሳምንቱ ቆመ።

ዲጋ ላይ ሁለት ሰዎች ይጠብቋታል። አንዷ ሌንሳ ናት፤ አስተማሪ፣ የእግር ተጓዦች ማኅበር ጸሐፊ፣ ደብተሯ ከእጇ የማይለይ። ሌላው ሠርፀ ነው፤ የማኅበሩ መንገድ መሪ፣ አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጎበዝ። ማኅበሩ በዴዴሳ ወንዝ ዳርቻ ድንኳን የሚተከልበት ሰፈርና እስከዚያ የሚያደርስ የእግር መንገድ ሊከፍት አስቧል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ሸዋጌጥ ተገኘች፤ ከዓሣ አጥማጁ ባሏ ጋር ሰባት ዓመት እዚያ ዳርቻ ጎጆ ቀልሳ፣ ዓሣ አድርቃ ኖራለችና።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ሸዋጌጥ?» አለች ሌንሳ፣ እንዴት አደሩ ስትል። «በእግርዎ መጡ እንዴ?»

«ነጋአ፣ ነጋአ። ታዲያ በክንፍ ልምጣ?»

ሠርፀ ውሻውን ከላይ እስከ ታች አየው። «ረቂቅ ደንባችን ቁጥር አራት ላይ፣ ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ዴዴሳን አይተኸዋል?»

«በካርታ።»

«እንግዲያ በካርታው ላይ ከልክለው።»

ሌንሳ መሃል ገባች። «ሁለት ቀን ነው። ውሻው ሰው ካስቸገረ ቁጥር አራት ይጸናል፤ ካላስቸገረ በእጄ እሰርዘዋለሁ። ተስማማን?»

ተስማሙ። ሰፈሩ ሲከፈት ጠባቂዋ ሸዋጌጥ እንድትሆን ቃል ተገብቶላታል። እሷ ደግሞ ያለ አትንገሩኝ አንድ ሌሊት አታድርም። ቁጥር አራት ከጸና የሚከለከለው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ባሏን ከቀበረች ወዲህ የናፈቀችው ወንዝ ለእሷም ይዘጋል። ይህን ለማንም አልነገረችም። «እንሂድ፤ ፀሐይ ሰው አትጠብቅም» ብቻ አለች።

ከደጋው ቁልቁል ወረዱ። የበቆሎው ማሳ አለቀ፣ የማንጎው ጥላ አለቀ፣ ሰው ከነባርኔጣው የሚውጠው የቆላ ሣር ተቀበላቸው። ወበቁ ከሥር ተነስቶ ፊታቸውን ገረፈ። ጉሬዛዎች ከዋንዛ ዋንዛ እየዘለሉ ነጭ ጅራታቸውን አውለበለቡ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል ተብሏል። ወለጋ ላይ ክረምት ወጣ የሚለው የሬዲዮ ሰው ነው እንጂ ሰማዩ አይደለም።

እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደባቸው፤ መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆኖ ከእግራቸው ሥር ሮጠ። ከአንዲት ጅረት ደረሱ። ውኃዋ ደፍርሷል፤ ጉልበት ግን አይሞላም።

«ሳትሞላ እንሻገር!» ሠርፀ ሱሪውን ሰበሰበ።

አትንገሩኝ ዳር ላይ ቁጭ አለ። ጆሮውን ወደ ላይኛው ሸለቆ አቁሞ በጉሮሮው አጉረመረመ። ሸዋጌጥ ዱላዋን በሠርፀ ደረት ላይ አጋደመችው።

«ቁም!»

«እማማ፣ ይመሽብናል!»

«ቁም አልኩህ! እሱ ተቀምጧል፣ አታይም?»

ሠርፀ ዱላውን ሊያነሳ እጁን ሰነዘረ። በዚያች ቅጽበት ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ነገር መጣ። ጎርፉ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ጅረቷን ከአፍ እስከ አፏ ሞልቶ አለፈ። ሠርፀ እጁን አወረደ።

«ግንዱ በካርታህ ላይ አለ?» አለችው።

ጎርፉ እስኪጎድል ተቀምጠው ጠበቁ፣ ተሻገሩም። ከማዶ ሠርፀ ቦርሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ከጫማው ውኃ ሲደፋ፣ አንድ ወንድ ዝንጀሮ ከገደሉ ዘሎ ወርዶ የሦስቱን ሰው ስንቅ ከነቦርሳው አነሳ። ጥርሱ የጣት ርዝመት ነው። ሠርፀ ፊሽካውን ነፋ፤ ዝንጀሮው ፊሽካ ሰምቶ አያውቅምና ግድም አልሰጠው። አትንገሩኝ ግን ሳይጮኽ በጎን ዞሮ ከኋላ ደረሰበት። አቧራ የለ፣ ጭቃ ተበተነ። ሸዋጌጥ ድንጋይ አነሳች፤ ስትወረውር እጇ አይስትም። ዝንጀሮው አንድ ዳቦ ብቻ ይዞ ገደሉን ወጣ።

«ሌንሳ፣ ይህንንም ጻፊ» አለች ሸዋጌጥ። «ሰው ካስቸገረ አይደል ያላችሁት? እሱ ያስቸገረው ዝንጀሮ ነው።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዴዴሳ ታየ። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ጌታ ወንዝ። ሸዋጌጥ ቆመች። አፍንጫዋ የጭቃውንና የዓሣውን ሽታ አወቀ።

«እዚያ ላይ እንስፈር» አለ ሠርፀ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ከፍታው ላይ የቆመ ትልቅ ሾላ እያሳየ። «ከውኃ መራቅ ይሻላል።»

ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ሸዋጌጥ ትስማማ ነበር። ያለው ግን ሠርፀ ነው። እሷም ውኃው ዳር የተነጠፈውን ለስላሳ፣ አጭር፣ አረንጓዴ ሜዳ በዱላዋ አመለከተች።

«እዚህ ነው። እኔና ባሌ እዚህ ስንተኛ አንተ አልተወለድክም።»

እውነት ነው፣ ተኝተዋል። ግን ያኔ ወንዙ ከወዲያ ማዶ ጥግ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ በሠላሳ ዓመት ወንዝም ሠፈር ይቀይራል። ደግሞ ሣር ራሱን አያጭድም። ይህን ሜዳ ማን እንዳጨደው የሚናገር ኮቴና ፋንድያ ነበረ፤ የቀኑ ዝናብ አጠበው።

አትንገሩኝ ሣሩን አልረገጠም። ዳር ላይ ቆሞ ያላዝን ጀመር። ስትጠራው አልመጣም፤ ይልቅ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። ስትገፋው ጮኸ። ድንኳኑ ሲተከል ጮኸ። እሳቱ ሲነድ ጮኸ።

«አስቸገረ» አለ ሠርፀ ቀስ ብሎ። «ሌንሳ፣ ይኸው።»

የሸዋጌጥ ፊት ጋለ። ቀኑን ሙሉ ያኮራት ውሻ በመጨረሻ፣ በዚህ ሰው ፊት፣ አዋረዳት። አንገቱን ይዛ ወደ ሾላው ወሰደችው፣ በጠፍር አጥብቃ አሰረችው። «አፍህን ያዝ!» አለችው። አስራው አታውቅም። ውሻው ቀና ብሎ አያት።

ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። ሌንሳ ድንኳን ውስጥ ተጋድማ ትጽፋለች፣ ሠርፀ እንጨት ይሰብራል። ውኃው ያለ ነፋስ ተከፈለ። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ በርሜል የሰፋ ጀርባ። ጉማሬው የራት ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶ አገኘ።

«ሌንሳ! ውጪ!» ሸዋጌጥ ጮኸች።

ጉማሬ ይንቀርፈፋል ያለ ሰው ሲሮጥ አላየውም። መሬቱ ተናወጠ፤ ድንኳኑ በአንድ ጎን ተጨፈለቀ፤ ሌንሳ ከጨርቁ ሥር ጮኸች። ያኔ ከሾላው በኩል አንድ ነገር ተወርውሮ መጣ፤ የተበጠሰው ጠፍር ከአንገቱ ይንጠለጠላል። አትንገሩኝ በጉማሬው አፍንጫ ሥር ገባ፣ ነከሰ፣ ዘለለ፣ ወደ ውኃው ሸሸ፣ ተመልሶ ነከሰ። ጉማሬው ድንኳኑን ትቶ ወደ እሱ ዞረ። ሠርፀ ሳያመነታ ዘሎ ሌንሳን ከጨርቁ ውስጥ ጎትቶ አወጣት። ሦስቱም ወደ ሾላው ሮጡ። ከኋላቸው ሁለት እንስሳት ዴዴሳ ውስጥ ሲገቡ ውኃው ፈነዳ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ስለዚያ ሌሊት የሚወራ የለም። ሾላው ላይ ወጥተው አደሩ፤ ሸዋጌጥ ጆሮዋን ወደ ወንዙ እንደቀሰረች ነጋ።

ሲነጋ ከወንዙ መሃል ቀጭን የውሻ ድምፅ ተሰማ። ውኃው መሃል ባለች ዓለት ላይ አትንገሩኝ ተኝቷል፤ የኋላ እግሩ በደም ጠቁሯል። ከዓለቱ በላይ ባለው ጥልቅ ውኃ አምስት ጥንድ ጆሮ ይርገበገባል።

«እኔም አዝናለሁ» አለ ሠርፀ። «ግን ጉማሬውን ጩኸቱ ነው ያስቆጣው። ሰው ሳይሞት እንውጣ። ደንቡም ይጽና።»

ሸዋጌጥ ዞረችበት። «ጉማሬውን ያስቆጣሁት እኔ ነኝ። ገበታው ላይ ድንኳን የተከልኩት እኔ። ውሻው ገና ሳንተክል ነግሮኛል፤ ሰምቼ አሰርኩት።»

ከዳርቻው ዋጋሪ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ሲፈታ አገኙት። ሸዋጌጥ ወደ ዓለቱ እንዲያሻግራት ነግራው ሳትጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «አዴ፣ ለሳሬ? ለውሻ ብዬ ነፍሴን አልሰጥም።»

«ነፍስህ እዚሁ ትቆይ። ታንኳህን ስጠኝ።»

ዋጋሪ ዓይኗን አየና ገመዱን ለቀቀላት። ረጅሙን መግፊያ እንጨት አንስታ ስትገባ ታንኳው ዘንበል አለ፤ ሠርፀ ከኋላዋ ገብቶ ተቀምጧል፤ ቦት ጫማውን አውልቋል።

«ዋና ትችላለህ?»

«በካርታ» አለ ሠርፀ፣ የታንኳውን ጠርዝ ጨብጦ።

በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችለት። «እንግዲያ ውኃ ቅዳ፤ ታንኳው ያፈስሳል።»

እንጨቱን አሸዋው ላይ ተክላ ገፋች። ጉማሬ ጥልቁን ይወዳል፤ እሷ ድንጋይ ድንጋዩን፣ ታንኳው ሆዱን እያስፋቀ፣ ጠርዝ ጠርዙን ያዘች። ሠላሳ ዓመት የተረሳ ሥራ በክንዷ ውስጥ አልሞተም። አንዱ ጉማሬ አፉን ከፈተ፤ አፉ ራሱ ቤት ነው። ሠርፀ መቅዳቱን አቆመ።

«ቅዳ!» አለችው። «እሱ ያዛጋል፤ አንተ ቅዳ!»

ጉማሬው ጠለቀ። ውኃው ከታንኳው ሥር አንዴ አበጠ፣ ታንኳውን አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሸዋጌጥ ባላት ኃይል ገፍታ ዓለቱን ነካች።

አትንገሩኝ ጅራቱን አልወዘወዘም። ትናንት ያሰረችውን እጅ አየ። ሸዋጌጥ ውኃው ውስጥ ተንበረከከች፣ የጠፍሩን ቁራጭ ከአንገቱ ፈትታ ወንዙ ውስጥ ጣለችው።

«አጥፍቻለሁ» አለችው።

ይህን ቃል ለባሏ በአርባ ዓመት ትዳር አንዴም አላለችውም። ውሻው እጇን ላሰ።

ታንኳው ዳር ሲመለስ ዋጋሪ የውሻውን ቁስል አጥቦ በጨርቅ አሰረ፣ ታንኳውንም እየዳበሰ ተቆጣ። ዳገቱን ሲወጡ አትንገሩኝን የተሸከመው ሠርፀ ነው፤ በቦርሳው ውስጥ፣ የውሻው ራስ ብቻ ብቅ ብሎ። ዲጋ ሲደርሱ ሌንሳ ደብተሯን ከፈተች፣ ቁጥር አራትን ሰረዘች።

ሰፈሩ በታኅሣሥ ተከፈተ፤ ድንኳኖቹ ሾላው ሥር ናቸው። በለምለሙ ሜዳ ጫፍ ሰሌዳ ሊቆም ሲል ሸዋጌጥ ቃሉን ራሷ ተናገረች፣ ሌንሳ ቀለም ነክራ ጻፈች።

«አንብቢልኝ።»

«እዚህ ሣር ላይ ድንኳን አይተከልም። ሸዋጌጥ ተክላ ተሳስታለች። ውሻዋ አልተሳሳተም።»

«እኔስ?» አለ ሠርፀ። «ሾላው ሥር ያልኩት እኔ አልነበርኩም?»

«አንተ ቁጥር አራትን ጽፈሃል። ተካክሰናል።» ወደ ሰሌዳው ተጠጋች። «ስሜ የቱ ነው?»

ሌንሳ አሳየቻት። ሸዋጌጥ በጣቷ ለካችው።

«አሳንሰሽዋል። አተልቂው። የተሳሳተው ማን እንደሆነ ሰው ከሩቅ ይወቅ።»

በዚያው ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከነቀምቴ ወረዱ። ከፊት የመጣው ሰውዬ አንዲት ቡናማ ውሻ በገመድ ይዟል፤ የሰፈሩ በር ላይ ቆሞ አመነታ። በሩ አጠገብ አትንገሩኝ ተጋድሟል፤ አንድ እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ ዓይኑ ግን ሁሉን ያያል።

«እማማ፣ እዚህ ውሻ ይፈቀዳል?»

«ውሻዋ ትግባ» አለች ሸዋጌጥ፣ ዱላዋን በሩ ላይ አጋድማ። «አንተ ግን ቆይ፤ መጀመሪያ እንይህ።»