ያልተቀዳበት የካሴት ጀርባ

ዛር ያዘኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ወባ ነው ብዬ ኪኒን ሰጥቼ የምሸኝ፣ መተማ ክሊኒክ የምሠራ ጤና ረዳት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ቀድማ የምትስቀውም እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ወንድሜ አስናቀ ዘፋኝ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ በክራር ጀመረ፣ ቀጥሎ ጎንደር ከተማ ጊታር ጨመረበት፣ ግጥሙንም ዜማውንም የሚያወጣው ራሱ ነው፣ ከአብዮቱ በኋላ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባና አልፎ አልፎ በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ካሴት ይልክልን ነበር። በኋላ ካሴቱ ቀረ። አንድ ክረምት ጎረቤታችን ነጋዴው ሐጅ ኑሩ ከገዳሪፍ ሲመለሱ ክሊኒክ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ወንድምሽን አላህ ወስዶታል ይላሉ፣ እኔ ቀብሩን አላየሁም» አሉኝ። እንደ ወጉ ጎረቤት ተሰብስቦ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለእናቴ መርዶውን እንዲነግራት ተስማማን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ «የአስናቀን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሚኝ» አለች። ክው አልኩ። እምቢ ማለት አቃተኝ፣ ቴፑን አወጣሁ፣ ቀበሌዎች እንዳይሰሙ ድምፁን ቀነስኩና ከሸክላ ካስገለበጥናቸው ጀመርን። መጀመሪያ ላይ የልጅ ድምፅ ነው፣ ካሴት በቀየርኩ ቁጥር ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ የገዳሪፎቹ ላይማ በየዘፈኑ መሐል ያስላል። ወንድሜ ባንድ ከሰዓት ፊቴ አረጀ፣ እመነኝ፣ ከመርዶው ይልቅ አንጀቴን የበላው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ካሴት አለቀ።

«ገልብጭው» አለች እናቴ።

«ጀርባው ባዶ ነው እማዬ፣ አልተቀዳበትም።» ባዶነቱን አውቃለሁ፣ ስንቴ ሞክሬዋለሁ።

«ገልብጭው እኮ ነው የምልሽ።»

ገለበጥኩት። መጀመሪያ ሽሽ የሚል የባዶ ካሴት ድምፅ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ተሰማ፣ ውጭ ግን ፀሐይ ነው። ቀጥሎ የድንኳን ካስማ ሲመታ፣ ቀጥሎ የሴቶች ለቅሶ። ጎረቤቶቻችንን በየድምፃቸው ለየኋቸው፣ ሐጅ ኑሩ «ኢና ሊላሂ» ሲሉ ሰማሁ። አንዲት ሴት «እናቴን፣ እናቴን» እያለች ታለቅሳለች፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የእናቴ ድምፅ ብቻ የለም። ከዚያ የክራር ጅማት ተቃኘ፣ አስናቀ አሳለ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ ለእናቱ ሙሾ ማውረድ ጀመረ።

እናቴ አላለቀሰችም። ቴፑን በመዳፏ ዳበሰችና «ለነገ የጠራሻቸውን ሰዎች አትምጡ በያቸው» አለችኝ። «መርዶ አልቀበልም። የሚቀብረኝ ልጄ ነው።» ስለ ነገው ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ካሴቱን በኋላ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ሽሽ ከማለት በቀር ምንም የለበትም። ሐጅም እንደገና አጠያየቁ፣ ሞቷልም አለም ብሎ የሚምል ሰው አላገኙም።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። እንዲመጣላት ስለት ተስላለች። እኔ ግን እንዳይመጣ እጸልያለሁ፣ ወንድሜን ጠልቼ አይደለም፣ እሱ ከመጣ እሷ የለችም ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ካፊያ ጀምሮ ሳለ ከድንበሩ፣ በጉምሩክ በኩል ክራር ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «በሩን ክፈችው» አለችኝ። ተነሥቼ ሄድኩና መቀርቀሪያውን ጨብጬ ቆምኩ። ክራሩ እስኪርቅ ድረስ አልከፈትኩም፣ እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።