የተቆረጠው መቀነት

ማንጠግቦሽ የሞተችው በገዛ ምግብ ቤቷ ማድ ቤት ውስጥ ነው። መደቡ ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ግራ እግሯ ግን ግማሽ ድረስ በተሞላ የማሽላ ጆንያ ላይ ወጥቶ ከገላዋ ሁሉ ከፍ ብሏል። ከደሴ በጭነት መኪና የመጣው መቶ አለቃ ገብረሥላሴ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው ያንን እግር ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ያየው ወለሉን ነው፤ አይፈረድበትም። ከምድጃው እስከ በርጩማው፣ ከበርጩማውም ሥር አፈሩ በደም ጠቁሯል።

«ትናንት እሑድ እንደሞተች ሳትነካ ነው ያስጠበቅኋት፤» አለ የከሚሴው ፖሊስ አስር አለቃ ጀይሉ። «ካህናቱም ባሏም ትቀበር እያሉ ሲያስጨንቁኝ አደሩ። ለነገሩ ብዙ ምርመራም አያሻው። ገዳዩ ታስሯል፤ ምላጩም ከእጁ ነው የተገኘው።»

«ማን አየ?»

«የገዛ ልጇ፣ ለተማርያም።»

«ገዳይ የምትለውስ ማንን ነው?»

«አጋሚው ሲራጅ። በቀንድ ደም እየመጠጡ ሰው የሚያክሙት ሽማግሌ። ባለፈው ወር ባሏ ባንተይርጋ ‹ሚስቴን እንዳትነካ› ብሎ ከግቢው አባሯቸዋል። ሰው ፊት ነው ያዋረዳቸው። ቂም ነው መቶ አለቃ፣ ሌላ ምን ይሆናል?»

ገብረሥላሴ «ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ» የምትለውን ተረት ከመውደዱ የተነሣ ባልደረቦቹን የሚያሰለች ሰው ነው። ሌላም የሚሳቅበት ነገር አለው። ዕድሜውን በሙሉ በዘበኝነትና በሰልፍ ቆሞ ሲኖር የእግሩ ደም ሥሮች አብጠውበት፣ ሐኪም እንዳዘዘው ከእግሩ ጣት እስከ ጉልበቱ በሰፊ ጨርቅ ጠቅልሏቸው ይሄዳል። ደሴ ያሉ ጓደኞቹ «ሁለት ሱሪ ለባሹ» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ማታ ማታ እግሩ ሲነዘንዘው ግን ሳቁ አይገኝም።

መደቡ አጠገብ ተንበረከከና የሟቿን እግር አየ። እንደ ገመድ የተጠማዘዙት ሥሮች አሁን ጎድለው ተኝተዋል። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳዋ ጠቁሮ ሳስቷል፤ በዙሪያውም ቀጫጭን ሰማያዊ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተበትነዋል። በመካከሉ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። የምላጭ ጭረት የሚባል በእግሩ ላይ የለም። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ግን ዙሪያውን የሠረሠረ የማሰሪያ ምልክት ይታያል፤ ማሰሪያው፣ የሴት ልጅ መቀነት፣ በደም ርሶ ለሁለት ተቆርጦ ከመደቡ ሥር ወድቋል።

ከዚያ ወደ ወለሉ ዞረ። ምድጃው ጋ ያለው ደም እፍኝ አይሞላም። ከምድጃው እስከ በርጩማው ያለው የባዶ እግር ዱካ ነው። በርጩማው ሥር ግን ደሙ ኩሬ ሠርቶ ረግቷል። ከበርጩማው እስከ መደቡ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው ያለው። ገብረሥላሴ በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

ፋጡሜን መጀመሪያ አስጠራት። የማንጠግቦሽ ጎረቤት ናት፤ አንዷ ሽሮ ስታጣ ከሌላዋ እየተበደሩ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሴቶች ናቸው።

«እግሯን ያመማት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ለተማርያምን ካረገዘች ወዲህ ነው፣ ያረቢ። ቀኑን ሙሉ ለሾፌሮቹ ስታበስል ቆማ ትውላለች። ማታ ደግሞ እግሬ ከበደኝ፣ አሳከከኝ ትለኛለች። ‹ተቀመጪ እንጂ› ስላት፣ ‹ተቀምጬ ማን ወጥ ያማስልልኛል?› ትላለች።»

«ሲራጅ አግመዋት ያውቃሉ?»

«ወላሂ አያውቁም። እንዲያውም እሷ እየለመነቻቸው እንቢ ያሉ እሳቸው ናቸው። ‹ይሄ ሥር በምላጭ አይነካም፣ እግርሽን ሰቅለሽ ተኚ› ሲሏት ሰምቻለሁ። ባንተይርጋ ነው ሳይጠይቅ የተቆጣው።» ፋጡሜ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ግን ትናንት ስደርስ እግሯን ይዘው ተንበርክከው አየሁ። ልጅቱ ትጮሃለች። ሰዉ ጎትቶ ጣላቸው፣ መታቸውም። እኔም አላስጣልኳቸውም።»

ባንተይርጋ በግቢው ጥግ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለምግብ ቤቱ ፍየል ሊገዛ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወርዶ የተመለሰው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው።

«መቶ አለቃ፣ እኔ የምፈልገው ያ ሰውዬ ሲሰቀል ማየት ነው፤» አለ ሳይነሣ። «ልጄ እናቷን አድናት ነበር። ደሙን አስራ አቁማው ነበር። ያሰረችውን ቆረጠባት። ከዚህ ወዲያ ምን ይጣራል?»

«ማሰርን ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኛ። ማሽላ ስንጠብቅ እባብ ነድፏት፣ እግሯን ከላይ አስሬ ነው ያተረፍኳት። ልጄ ሞኝ አይደለችም።»

ለተማርያም አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አላለቀሰችም። እንባዋ የደረቀ ትመስላለች፤ ድምፅዋም ቀጥ ያለ ነው።

«ወጥ እያማሰለች ‹እግሬን ሞቀኝ› አለች። ስናየው ደሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። መቀነቴን ፈትቼ ከጉልበቷ ሥር ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላት። ከዚያ አባባ ሲራጅን ልጠራ ሮጥኩ።»

«ለምን እሳቸውን?»

«ደም ያውቃሉ ብዬ። እሳቸው ወደ እኛ ቤት ሮጡ፤ እኔ እትዬ ፋጡሜን ልጠራ ዞርኩ። ስመለስ እናቴን መደቡ ላይ አስተኝተው፣ መቀነቴን በምላጭ ሲቆርጡት ደረስኩ።» ትንፋሿን ዋጠች። «ስወጣ ታናግረኝ ነበር። ከቆረጡት በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም።»

«ስትወጪ እንዴት ሆና ነበር?»

«በርጩማው ላይ፣ እግሯን አውርዳ።»

ገብረሥላሴ ሌላ አልጠየቃትም። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደ።

ሲራጅ እጃቸው በካቴና ታስሮ፣ ጭንቅላታቸው በድብደባ አብጦ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«መቀነቱን ቆርጠዋል?»

«ቆርጫለሁ።»

«ለምን?»

«ቆርጫለሁ፤ ሞታለች። ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

ገብረሥላሴ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ለወሬ እንደመጣ ጎረቤትም እግሩን ዘረጋ።

«እስቲ ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ። ከሰው ክንድ ደም ሲያወጡ እንዴት ያደርጋሉ?»

ሰው ስለ ሙያው ሲጠየቅ ምላሱ ይፈታል። «ክንዱን ከላይ በጨርቅ አስራለሁ። ያን ጊዜ ሥሩ ይነፋል። ስበጣው ደሙ በደንብ ይመጣል።»

«ሲበቃስ? እንዲቆም ሲፈልጉ?»

ሽማግሌው በካቴና የታሰሩ እጆቻቸውን ተመለከቱ። ዓይናቸው ውኃ ሞላ።

«ጨርቁን ይፈታሉ፤» አለ ገብረሥላሴ ቀስ ብሎ።

ሲራጅ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስደርስ በርጩማው ሥር ያለውን ደም አየሁ። መቀነቱን አየሁ። ወዲያው ገባኝ። ትንፋሿ ነበረ፣ ግን እንደ ነጠላ ክር ቀጥኖ። አስተኝቼ እግሯን ሰቀልኩት፤ ቋጠሮው በደም ርሶ አልፈታ ቢለኝ ቆረጥኩት። አልደረስኩም።» ቀና አሉ። «መቶ አለቃ፣ ልጅ አለዎት?»

«ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያውስ ይተዉት። እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ። ይቺ ልጅ እናቴን በእጄ ገደልኩ ብላ እንዴት ትኖራለች? እኔን ብትጠላ ይሻላታል።»

«ይሰቀላሉ እኮ አባቴ።»

«አላህ ያውቃል።»

ገብረሥላሴ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ጣሊያን በሠራው መንገድ ላይ ጭነት መኪኖች ወደ ደሴ ያልፋሉ። ብዙ ሬሳ አይቷል፣ ብዙ ገዳይም አስሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶበት አያውቅም። ዝም ቢል ንጹሕ ሽማግሌ ገመድ ላይ ይወጣል። ቢናገር አንዲት ልጅ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመውን ሸክም በእጁ ይጭንባታል። ልቡ እጅግ አዘነ። ቢሆንም ንጹሕ ሰው አይሰቀልም፤ የልጅቷን ስም ሳያነሣ ሊናገር ወስኖ ሁሉንም ወደ ምግብ ቤቱ አስጠራ።

ባንተይርጋ፣ ፋጡሜ፣ ጀይሉና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሲራጅ በካቴና እንደታሰሩ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ለተማርያም፣ አንቺ ከእትዬዎቹ ጋር ለቅሶው ጋ ብትሆኚ፤» አለ ገብረሥላሴ።

«እናቴ ናት፤» አለች ልጅቱ፤ ከአባቷ አጠገብም ተቀመጠች።

ገብረሥላሴ መሐላቸው ቆመ። «ማንጠግቦሽን የቆረጣት ሰው የለም። ምላጭ ቆዳን ሲነካ መስመር ይተዋል፤ በእግሯ ላይ ያለው የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ናት። ሥሩ በራሱ ነው የፈነዳው።»

«ሥር በራሱ ይፈነዳል እንዴ?» አለ ጀይሉ።

ገብረሥላሴ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ጥቅሉን አሳያቸው። «የእኔም እንደሷ ነው። ወደ እግር የወረደ ደም ወደ ላይ መመለስ አለበት። ሰው ለዓመታት ቆሞ ሲውል ግን መመለሻው ሥር ይደክማል፤ ደሙ እዚያው ይጠራቀማል፣ ሥሩ ይነፋል፣ ቆዳው ይሳሳል። ከዚያ ቢያኩትም፣ ሳይነኩትም ይፈነዳል። ሐኪሙ ከታች ወደ ላይ እየጠቀለልኩ እንድይዘው፣ ማታም እግሬን ሰቅዬ እንድተኛ ያዘዘኝ ለዚህ ነው። ማንጠግቦሽ ሐኪም አላገኘችም፤ ሲራጅ እግርሽን ሰቅለሽ ተኚ ቢሏትም ማረፊያ ጊዜ አልነበራትም።»

«ሲራጅስ?» አለ ባንተይርጋ።

«ሲራጅ ሲደርሱ አስተኟት። እግሯን ጆንያ ላይ ሰቀሉት። የሚገድል ሰው የሟችን እግር በጆንያ አይደግፍም፤ ባንተይርጋ፣ ይህንን ልብ ይበሉ። ከበርጩማው ወዲያ ከጥቂት ጠብታ በቀር ደም የሌለው እግሯ በመሰቀሉ ነው።»

«መቀነቱንስ? መቀነቱን ለምን ቆረጠው?»

«አይጠቅምም ነበር።»

«የማይጠቅም ነገር ዝም ይባላል እንጂ በምላጭ ይቆረጣል?» ባንተይርጋ ተነሣ። «ይሄ መልስ አይደለም። ዳኛም ቢሆን ይጠይቃል።»

«ይጠይቃል፤» አለ ጀይሉም። «ይህ ካልተመለሰ ሽማግሌውን መልቀቅ አልችልም መቶ አለቃ።»

ገብረሥላሴ ወደ ሲራጅ ዞረ። ሲራጅ ከበሩ በኩል ራሳቸውን ነቀነቁበት፤ ተው ማለታቸው ነው። በዚህ መሐል ለተማርያም ተነሥታ ወደ ማድ ቤቱ በር ሄደች። ወለሉን አየችው። ከምድጃው ጀምራ በርጩማው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ምድጃው ጋ ያለው ትንሽ ነው፤» አለች ሳትዞር። «የበዛው በርጩማው ሥር ነው። በርጩማው ላይ ነው ያሰርኳት።»

ወደ በርጩማው አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«የሚመለሰውን ነው የዘጋሁት፤» አለች። «የሚወርደው ግን ይወርዳል። ወዴት ይሂድ? በቀዳዳው ወጣ። እንደዚያ ነው መቶ አለቃ?»

ገብረሥላሴ መዋሸት ፈለገ። ልጅቱ ዞራ ዓይን ዓይኑን ስታየው አልቻለም።

«እንደዚያ ነው ልጄ። ማሰሩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። እኔም ሐኪሙ ባይነግረኝ እንዳንቺው አስር ነበር። መደረግ የነበረበት አስተኝቶ፣ እግሯን ሰቅሎ ቀዳዳውን በጣት መጫን ነው። ያንን ደግሞ ማንም አልነገረሽም።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ ሲራጅ። «እኔን ልትጠሪ የሮጥሽው እንድትድን ነው። አላህ ያየው ያንን ነው።»

ባንተይርጋ እንደቆመ ቀረ። «እኔ ነኝ ያሳየኋት፤» አለ። «በእኔ እጅ ነው የተማረችው።» ከዚያ ሄዶ ሲራጅ እግር ላይ ወደቀ። ሽማግሌው በታሰረ እጃቸው ክንዱን ይዘው ሊያነሱት ታገሉ፤ ጀይሉ ቁልፉን አውጥቶ ካቴናውን ፈታ።

ማንጠግቦሽ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ሲራጅ ከከተማው እስላሞች ጋር ሬሳውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸኝተው፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆዩ። ገብረሥላሴም ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ሳይፈልግ አጠገባቸው ቆመ። ሰዉ መበተን ሲጀምር ለተማርያም ከለቀስተኞቹ ተለይታ ወደ ሽማግሌው መጣች።

«አባባ ሲራጅ፣ የት ላይ ነበር መጫን የነበረብኝ?»

ሲራጅ ገብረሥላሴን አዩት። እሱ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሽርጣቸውን ከቅልጥማቸው ገለጥ አደረጉ። የልጅቷን አውራ ጣት ያዙና ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ባለች ሥር ላይ አኖሩት።

«እዚህ ጋ።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ ጫን አድርጊው። በቃ።»

«ይሄን ያህል ብቻ?»

«ይሄን ያህል ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ለተማርያም ጣቷን አላነሣችም። አባቷ መጥቶ እስኪወስዳት ድረስ ሽማግሌውም እግራቸውን አላንቀሳቀሱም።