የሃያ ሁለት ቀን ውሸት

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ምስጢር አነሳችው።

«ቪዲዮውን እንዳትከፍቺው!» አለ አጎቷ አያ ነጋ በሹክሹክታ፣ ወደ ጥቁር ሻሿ እየጠቆመ።

ምን ያስረሳታል! ውሸቱ ሁሉ ሲወጣ የከረመው ከእሷ አፍ ነው። የጎንደርን ግማሽ ደብር ዜማ ያስተማሩት አያቷ የኔታ ኪዳነወልድ ካረፉ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀናቸው። ታይላንድ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው አባቷ ዕንባቆም ግን መታመማቸውን እንጂ መሞታቸውን አያውቅም።

እንዳይነገረው የወሰነው ለቀብር ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣው ታላቅ ወንድሙ አያ ነጋ ነው። «ዘመድ በሌለበት አገር፣ ያውም በስልክ፣ መርዶ ይነገራል? ወድቆ ቢቀር ማን ያነሳዋል? ለፋሲካ ሲመጣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ይሰማል» ብሎ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ይወዳል። ስለዚህ ምስጢር አንዴ «ተኝተዋል»፣ አንዴ «ጸበል ሄደዋል»፣ አንዴ ደግሞ «ኔትወርኩ ቪዲዮ አይጎትትም» ስትል ከረመች። ትምህርቷን እንዲህ ብታጠና ኖሮ ከክፍሏ አንደኛ በወጣች።

«ምስጢርዬ! የት እንዳለሁ ገምቺ» አለ አባቷ። ጎንደር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱ ያለበት ደግሞ እኩለ ቀን።

«ገበያ?»

«ቤተ ክርስቲያን!»

ከተማው በቡድሃ መቅደስ የተሞላ ነው። እሱ እሑድ እሑድ ክፍሉን ዘግቶ ከስልኩ ቅዳሴ ሲያዳምጥ ዓመት ሞላው። ዛሬ ግን የአንድ ተማሪው አያት እጁን ይዛ ወሰደችው።

«የእንጨት ቤት ናት፤ ሰዎቹ ሃያ ቢሞሉ ነው። ልክ እንደኛ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ሲገቡ ሳይ ሆዴ ባባ። ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ፣ አንድ ጎረምሳ ጊታር ይመታል። የኔታ ቢያዩ ‹ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ማኅሌት ነው?› ባሉ ነበር!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ምስጢርም ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ከዚያ የታመመበት ሰው ካለ ይናገር መባሉን ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ብድግ ብዬ አባቴ ታመውብኛል አልኩ። ኪዳነወልድ ማለት አቃታቸውና ‹ኪዳኔ፣ ኪዳኔ› እያሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጸለዩላቸው። አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አሮጊቷ እስኪወጣልኝ ድረስ ትከሻዬን ይዛኝ ነበር። ምስጢር፣ አባቴ ይድናሉ። ለፋሲካ ማኅሌት አብረን እንቆማለን።»

የኔታ ፍትሐት ተደርሶላቸው አፈር ከለበሱ ከረሙ። «ነፍስ ይማር» ማለት የሚገባው ልጃቸው ለሬሳ ጤና ይለምናል፤ ሃያ የሰው አገር ሰዎችም አብረውት ይለምናሉ። አርባቸው ሊደርስ የቀረው አሥራ ስምንት ቀን ነው። አያ ነጋን አልጠላችውም፤ ያስጠላቻት የራሷ ምላስ ናት።

«ተኝተዋል በይው» አለ አያ ነጋ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ።

አፏን ከፈተች። ውሸቱ አልመጣም።

«አባዬ፣ አሁን ብቻህን ነህ?»

«ኧረ የለም! ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለው ይዘውኛል። ሁሉም እዚህ ናቸው።»

«አሮጊቷስ?»

«ሩዝ እየጨመረችብኝ ነው፣ ልትገድለኝ ነው!»

አያ ነጋ ነገሩ ገባው። ከመቀመጫው ተነሳ። «ምነው ልጄ፣ ተይ እንጂ» አለ፤ ስልኩን ሊቀማት ግን አልደፈረም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምስጢር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሳህኑን አስቀምጠው አባዬ። አሮጊቷ አጠገብህ ትቀመጥ። ሌሎቹንም ጥራቸው።»

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ሰው ሰብስብ ሲባል ምን ሊከተል እንደሆነ አይጠፋውም።

«መቼ?» አለ ዕንባቆም በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«መጀመሪያ ጥራቸው» አለች።

ጠበቀች። እግሮች ሲርመሰመሱ፣ የማታውቀው ቋንቋ ወደ ስልኩ ሲቀርብ ሰማች። አንዲት አሮጊት በለሆሳስ አንድ ነገር አለች።

ያኔ ነገረችው።